ሐጂ ሲመጡ የሚሰወረው ትራፊክ

ሳጅን ፈይሰል ሙሄ መኪና ማስቆም ያውቅበታል። ይህን የሚመሰክሩለት ወዳጆቹ አይደሉም፤ የሸዋ ሮቢት ሾፌሮች ናቸው። ሾፌር ትራፊክን ካመሰገነ ደግሞ ነገሩ እውነት መሆን አለበት። የሚቆመው ጀውሃ መግቢያ ላይ፣ አስፋልቱ ወደ ግራ ከሚታጠፍበት ቦታ ነው። እጁን ሲያነሳ አይወራጭም፤ ፊሽካውን ሲነፋ ሰፈሩን አያደነቁርም። መኪናው ዳር ሲይዝ በሾፌሩ በኩል ይጠጋል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ ስሙን ይናገራል፣ ለምን እንዳስቆመ ያስረዳል። መንጃ ፈቃድ የሚለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሥልጣኑ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃም ለይቶ ያውቃል። ማስቆም ይችላል። መንጃ ፈቃድና ሊብሬ ማየት ይችላል። ጎማ፣ ፍሬንና መብራት ማየት ይችላል፤ መኪናው ለመንገድ የማይበቃ ከሆነ ዳር አስይዞ እዚያው እንዲቀር ማዘዝ ይችላል። መሳደብ አይችልም። የተሳፋሪ ቦርሳ ዝም ብሎ መበርበር አይችልም። ሻይ ጋብዘኝ ማለትም አይችልም። በዚህ በመጨረሻው ላይ ከአንዳንድ ሰዎች ጋር የሐሳብ ልዩነት ነበረው፤ እሱ ግን ሻዩን ከራሱ ኪስ ይጠጣ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው በአንዲት አሮጌ አይሱዙ ምክንያት በሥራ ሰዓት ሱቅ ጀርባ ተወሽቆ የተገኘው።

ነገሩ የተጀመረው በባጃጅ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ነጋዴውም ገበሬውም ባለሥልጣኑም የሚሄደው በባጃጅ ነው፤ ፀሐይዋ ማዕረግ አትለይም። አንድ ቀን ፈይሰል ከልክ በላይ ሴቶች ያጨቀ ባጃጅ አስቆመ። ባለ ባጃጁ «ሳጅን፣ ቀጫጭኖች እኮ ናቸው!» እያለ ሲከራከር፣ ዳር የተቀመጠችው ልጅ ወረደች።

«ትርፏ እኔ ነኝ» አለች። «እነሱን ይልቀቋቸው፣ ይቸኩላሉ።»

ጃንጥላዋን ዘረጋችና በዚያ ሐሩር ወደ ገበያው በእግሯ ሄደች። ፈይሰል ጥፋቱን ያመነ ሾፌር ገጥሞት አያውቅም፤ ጥፋቱን ያመነ ተሳፋሪማ በወሬም አልሰማም። ባለ ባጃጁን መክሰስ ረሳ። ጃንጥላዋ ከዓይኑ እስክትጠፋ ድረስ ቆሞ አየና፣ ማን እንደሆነች ጠያይቆ የሐጂ ሙዐዊያ ልጅ ሐያት መሆኗን ደረሰበት።

ሐጂ ሙዐዊያ ማሾና ሽንኩርት ይነግዳሉ። አይሱዙዋ የራሳቸው ናት፤ የሚነዷትም ራሳቸው ናቸው። ስለ መንዳታቸው የሚወራው ብዙ ነው። ጭጋግ የጣርማ በርን ቁልቁለት ሸፍኖ ሌላው ሾፌር ዋሻው አፍ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ እሳቸው መንገዱን በማሽተት እየለዩ ይወርዱ ነበር ይባላል። ይህን ሲሰሙ «ውሸት ነው» አይሉም። «አፈሩ ይሸታል እኮ» ይላሉ።

ፈይሰል ሽማግሌ ላከ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ሼህ አደም ነበሩ። ሁለተኛው ኢንስፔክተር ግርማ ናቸው፤ ክርስቲያን ቢሆኑም የፈይሰል አለቃ ስለሆኑ አልቀሩም። እዚህ አገር ሽማግሌ ሲመረጥ ሃይማኖት አይቆጠርም፤ የሚታየው ሽበትና ተሰሚነት ነው፣ እሳቸው ደግሞ ሁለቱም አላቸው። ሄዱ፣ እንደ ወጉ ሐጂ ደጃፍ ላይ ቆሙ፣ ልጅዎን ለልጃችን አሉ። ሐጂ ሙዐዊያ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «እናስብበት» አሉ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥምና እንደቆሙ ሄደው እንደቆሙ ተመለሱ።

ከዚያ ሼህ አደም ፈይሰልን ጠርተው መከሩት።

«ስማኝ ልጄ። ሽማግሌ የላከ ሰው መልሱ እስኪመጣ ድረስ የልጅቷ አባት ፊት አይቆምም። ገበያ ላይ ካየሃቸው በሌላ በኩል ትወጣለህ። መንገድ ላይ ከመጡ መንገድ ትለቃለህ። ፊት ለፊት ማፍጠጥ ድፍረት ነው። አባቶቻችን እንዲህ አድርገው ነው ያገቡት።»

«ሥራዬ እኮ መንገድ ላይ መቆም ነው፣ ሼህ» አለ ፈይሰል።

ሼህ አደም ትንሽ አሰቡ። «አባቶቻችን ትራፊክ አልነበሩም» አሉ። «ቢሆንም ትለቃለህ።»

ኢንስፔክተር ግርማም አጠገባቸው ተቀምጠው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ፈይሰል የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ነው። የአስፋልቱ መታጠፊያ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ የእትዬ ሐረገወይን የቆርቆሮ ሱቅ አለች፤ ለስላሳ፣ ውሃ፣ ማስቲካና የሞባይል ካርድ ይሸጡባታል። የሐጂ አይሱዙ ከሩቅ ስትታይ ፈይሰል ፊሽካውን ኪሱ ይከትና ከሱቋ ጀርባ ይገባል። አይሱዙዋ ካለፈች በኋላ ወጥቶ ቀሚሷን እንደምታስተካክል ሙሽራ ዩኒፎርሙን ያራግፍና ሥራውን ይቀጥላል። እትዬ ሐረገወይን መጀመሪያ ሲያዩት ሆዱን አሞት መስሏቸው የሎሚ ውሃ ሰጡት። ምክንያቱን ሲነግራቸው ባዶ ሣጥን ገልብጠው መቀመጫ አደረጉለት።

ሐያት ከአባቷ ጎን ጋቢና ውስጥ ትቀመጣለች። ፈይሰል በቆርቆሮው ስንጥቅ አንድ ዓይኑን አጥብቦ ያያታል። ያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት ከአባቷ ጋር መውጣት ያዘወተረችው ለምን ይሆን ብሎ አሰበ፤ ብዙም ሳይቸገር ለራሱ ደስ የሚል መልስ አገኘ።

«ላንተ ብላ ነው እንጂ!» አሉ እትዬ ሐረገወይን። «አንዲት ልጅ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ምን አላት?»

አንድ ነገር ግን ይቆረቁረው ነበር። ሐያት አንድም ቀን ወደ ሱቋ ዞር ብላ አታውቅም። ዓይኗ ከመንገዱ አይነቀልም። ከንፈሯ ደግሞ ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳል።

«ዱዓ እያደረገች ነው» አለ ፈይሰል።

«ጨዋ ናት» አሉ እትዬ።

በዚህ ተስማሙ። ግን ሰው ሲወድ በጨዋነት ብቻ አይጠግብም። አንዴ ብቻ ዞር ብትል፣ አንዴ ብቻ ብታየኝ እያለ ይመኝ ነበር። ጀውሃን የሚያክል ሞቃት ቦታ ላይ በቆርቆሮ ጀርባ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ፈይሰል ግን የሚያልበው ከፀሐዩ ይልቅ ከዚህ ምኞት ነበር።

ሾፌር ደግሞ ቀዳዳ አይስተውም። መጀመሪያ የነቃው ባለ ሚኒባሱ አብዱልሀኪም ነው። አብዱልሀኪም «ሞልቷል» የሚለውን ቃል ሰምቶትም የሚያውቅ አይመስልም፤ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ነው» እያለ ይጭናል። አንድ ጠዋት ከሐጂ አይሱዙ ኋላ ተከትሎ፣ ሰው በሰው ላይ ደርቦ ጀውሃ ሲገባ ፊሽካ ሳይሰማ አለፈ። በማግስቱም አለፈ። አልሐምዱሊላህ ብሎ ዝም ቢል ብቻውን ይጠቀም ነበር። ግን የምሥራች በሆድ አይያዝም፤ መነኻሪያ ገብቶ አወራው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት የሸዋ ሮቢት መውጫ ላይ መኪና ዳር ይዞ መሰለፍ ጀመረ። ሞተር አጥፍተው ይጠብቃሉ።

«ሐጂ አልወጡም?»

«ቁርስ ላይ ናቸው አሉ።»

«አላህ ያቆይልን።»

አይሱዙዋ ብቅ ስትል ሁሉም ሞተሩን ያስነሳል። መብራት የሌለው፣ ቦሎ ያልለጠፈ፣ ጎማው ተላጭቶ ያለቀ፣ በሩን በገመድ ያሰረ፣ ሰውን ከነፍየሉ የጫነ፣ ሁሉም ሥርዓት ይዞ በተርታ ይከተላል። ሐጂ ቀስ ካሉ ቀስ ይላል፤ የሚቀድማቸው የለም። እንዲህ ያለ የመንገድ ሥነ ሥርዓት በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። ጀውሃ ላይ አንድ አዛውንት ቀብር መስሏቸው ከተቀመጡበት ተነሥተው ቆሙ ይባላል። ሐጂ ራሳቸው ከኋላቸው ስለሚጎተተው ሰልፍ አንድም ቀን ቃል አልተናገሩም። ኩራት ነው ተባለ። ስፖኪዮ ማየት የማይወዱ ሰው ናቸው ያለም ነበር።

ወሬው ኢንስፔክተር ግርማ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀም። ፈይሰልን ቢሮ አስጠሩት።

«ጀውሃ ላይ ምን እየሠራህ ነው?»

«ቁጥጥር፣ ኢንስፔክተር።»

«የሐጂ ሙዐዊያ መኪና ስትመጣስ?»

«መንገድ እለቃለሁ።»

«ማን አዘዘህ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ ግርማ። ከሼህ አደም ጋር ሆነው።»

ኢንስፔክተሩ ኮፍያቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ያኔ የመከርኩህ እንደ ሽማግሌ ነው። ዛሬ የምጠይቅህ እንደ አለቃ ነው። ሕጉ ማስቆም ፈቅዶልሃል። መንጃ ፈቃድ ማየት ፈቅዶልሃል። ፍሬን የሌለውን ዳር አስይዘህ ማስቀረት ፈቅዶልሃል። ሱቅ ጀርባ መቀመጥን የሚፈቅደው አንቀጽ የቱ ነው?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ የሚመጣውን ሁሉ ታስቆማለህ።»

«ሐጂንም?»

ኢንስፔክተር ግርማ ኮፍያቸውን አነሡ፣ ውስጡን አዩ፣ መልሰው አስቀመጡት። «ዓርብ መልስ ልንጠይቅ እንሄዳለን። ዓርብ እስኪያልፍ…» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እንደ አለቃ ምንም አልሰማሁም። ሂድ።»

ዓርብ ሄዱ። ሐጂ «እናስብበት» አሉ። የሚቀጥለውም ዓርብ ሄዱ፤ አሁንም «እናስብበት»። የሐጂ ባለቤት ዘይቱና ለቆሙት ሽማግሌዎች ቀዝቃዛ ውሃ አምጥተው አጠጡና ምንም ሳይሉ ገቡ። ዓይናቸው ግን ቀልቶ ነበር አሉ ኢንስፔክተሩ፤ እሳቸው እንዲህ ያለውን ነገር ማየት ልማዳቸው ነው።

ሼህ አደም ሲመለሱ ጉልበታቸውን እያሹ ተቀመጡ። «አልሰጥም ቢሉን እንሄዳለን። እሰጣለሁ ቢሉን እንቀመጣለን። ይኼ እናስብበት ግን ሰውዬ፣ እግር ነው የሚጨርሰው።»

ፈይሰል ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ሌላ ሰው አስበውላት ይሆናል። ትራፊክ ለልጄ አይሆንም ብለው በይሉኝታ ይሆናል ያልተናገሩት። ልጅቷን ማጣት እስከዚያ ቀን በሐሳቡም አልመጣበትም ነበር፤ አሁን ግን መጣበት። ከሱቅ ጀርባ ተቀምጦ የሚጠብቀው አንዲት ቃል ናት፤ ያቺ ቃል ካልመጣች የጀውሃ መንገድ ምን ያደርግለታል?

እንዲህ እያለ ሳለ ነው ሐያት ዞር ያለችው።

ጠዋት ነው፤ ፀሐዩ ገና መክረር መጀመሩ ነው። አይሱዙዋ ሽንኩርት ጭናለች። ከኋላዋ አብዱልሀኪም፣ ከአብዱልሀኪም ኋላ ሌላው፣ ከሌላው ኋላ ሌላው። ፈይሰል ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ስንጥቁ ላይ አድርጓል። አይሱዙዋ ወደ መታጠፊያው ስትቃረብ ሐያት ከንፈሯን ማንቀሳቀስ አቆመች። አንገቷን ወደ ቀኝ አዞረችና ወደ ሱቋ አየች። ቆርቆሮውን አልፋ እሱን፣ ፈይሰልን፣ ያየችው መሰለው። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ነበር፤ ሐዘን ነው፣ ይቅርታ ነው፣ ፍቅር ነው፣ ለመለየት ጊዜ አላገኘም። መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ አይሱዙዋ አልታጠፈችምና።

ቀጥ ብላ አስፋልቱን ለቅቃ ወደ ሱቋ መጣች።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ ሐረገወይን።

ፈይሰል እንዴት እንደወጣ አያስታውስም። ፊሽካው አፉ ውስጥ ነው፤ እጁ ተነሥቷል፤ የቆመው ከአይሱዙዋ ፊት ነው። ያን ፊሽካ ጀውሃ ከዳር እስከ ዳር ሰማው። ሐጂ ሙዐዊያ ፊሽካ ሲሰሙ ፍሬን መርገጥ ዕድሜ ልካቸውን የለመዱት ነውና ረገጡ። ጎማው ጠጠሩን እየገፋ ተንሸራተተ፤ አይሱዙዋ የለስላሳ ሣጥኖቹን ገፍታ ገለበጠችና ቆመች። ከፈይሰል ደረት እስከ መኪናዋ አፍንጫ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ አልነበረም።

ለጥቂት ጊዜ የጠርሙስ መንከባለል ብቻ ተሰማ። የጋቢናው መስኮት ክፍት ነበርና የሐያት ድምፅ ወጣ። ይንቀጠቀጣል።

«አባ፣ ቆመናል። የነካነው ሰው የለም፤ አልሐምዱሊላህ የለም። ሱቅ ነው ፊታችን ያለው። ወደ ኋላ አይበሉ፣ ሚኒባስ አለ።»

«ፊሽካ የነፋው ማነው?» አሉ ሐጂ ሙዐዊያ።

ይህን ሲጠይቁ በቀጥታ የሚመለከቱት ፈይሰልን ነበር።

ፈይሰል ያን ጊዜ ገባው። ከንፈሯ የሚንቀሳቀሰው በዱዓ አልነበረም። «አባ፣ ባጃጅ፤ አባ፣ ግመል፤ አባ፣ ግራ» ነበር የምትለው። ጋቢና የወጣችው እሱን ልታይ አልነበረም፤ ዓይኗ የሚሠራው ለሁለት ሰው ነው፣ ለእሱ የሚተርፍ አልነበራትም። ዛሬ ለአንድ አፍታ ብታውሰው አይሱዙዋ መንገድ ለቀቀች። ደስ ይበለው ወይስ ይፈር ቸገረው። አንድ እግሩ ወደ ሱቋ ጀርባ ሄደ፤ ልማድ ክፉ ነው። ጠርቶ መለሰው።

በሾፌሩ በኩል ዞሮ ተጠጋ። ሰላምታ ሰጠ። ስሙን መናገር ነበረበት፤ አፉ እምቢ አለው።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሐጂ። መንጃ ፈቃድዎን።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። በምን ሥልጣን ነው የምታስቆመኝ?»

«መኪናዎ አስፋልት ለቋል። ባይለቅም ማስቆም ተፈቅዶልኛል።»

«እስከ ዛሬ የት ነበርክ ታዲያ?»

ለዚህ ጥያቄ ሕጉ ያዘጋጀለት መልስ አልነበረም። «ሱቅ ጀርባ» አለ ፈይሰል።

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አውቃለሁ። ከተማው ሁሉ ያውቃል» ብለው ከደረት ኪሳቸው መንጃ ፈቃዱን አወጡ። ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ፈይሰል ቀኑን ደግሞ አየው፤ ሁለተኛ ሲያዩት የሚታደስ ይመስል።

ከኋላ ያለው ሰልፍ በዚህ መሐል ነገሩን ተረድቶ ነበር። ባለ ፍየሉ ከነፍየሉ ወርዶ በእግሩ መንገድ ጀመረ። ከአብዱልሀኪም ሚኒባስ ሰዎች አንድ በአንድ እየወረዱ ዛፍ ጥላ ሥር ይቆማሉ፤ አብዱልሀኪም ጎማውን በእግሩ እየነካ አየሩን እንደሚመለከት ሰው ያፏጫል። የመጨረሻዎቹ ሾፌሮች ወደ ሸዋ ሮቢት የሚመልስ ጉዳይ ድንገት ትዝ ብሏቸው ዞሩ።

«ሐጂ፣ ለምን አላሳደሱትም?» አለ ፈይሰል።

«ለማሳደስ ዓይን ይመረምራሉ።»

«የዓይን ሞራ ነው» አለች ሐያት ከማዶ ቀስ ብላ። «ሐኪሙ ይገፈፋል ብሏል። እሳቸው ናቸው እምቢ ያሉት።»

«እምቢ አላልኩም፤ ፈራሁ» አሉ ሐጂ። ይህን ሲሉ እጃቸው መሪውን አልለቀቀም። «ስንት ጊዜ ጣርማ በርን ወርጄ ያልፈራሁ ሰው፣ ዓይኔ ላይ ስለት ሲሉኝ ፈራሁ። ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይላል? ስለዚህ ይችን ልጅ ጎኔ አስቀመጥኩ። እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ እነዳለሁ። ደህና ነበርን። ከዚያ ሽማግሌዎች መጡ።»

ፈይሰል መንጃ ፈቃዱን አገላበጠ።

«እሰጣለሁ ብል እሷ ትሄዳለች፤ መንገዱን ማን ይነግረኛል? አልሰጥም ብል አንተ ከተደበቅህበት ትወጣና ታስቆመኛለህ። ስለዚህ እናስብበት አልኩ። ሌላ ምን ልበል? አንተ ተደብቀህ ትኖራለህ፣ እኔ እነዳለሁ፣ እሷም…» ፊታቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ። «እሷን አልጠየቅኋትም። እናቷ ማታ ማታ ታለቅሳለች፤ ለምን ብዬም አልጠየቅኩ።»

ሐያት ወደ ጉልበቷ አቀረቀረች። እንባዋ ጠብ ሲል ፈይሰል አየው፤ ፈጥኖ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ።

ሕጉ የመንጃ ፈቃዱን ቀን እንዲያይ ፈቅዶለታል። የሰው ዓይን ምን ያህል እንደሚያይ መመርመር የሐኪም ሥልጣን ነው፤ ሰው ምን ያህል እንደፈራ መመርመር ደግሞ የማንም ሥልጣን አይደለም። «ሂዱ፣ ነገ አሳድሱ» ቢል የሚጠይቀው አልነበረም። አማቱን ያከበረ ይባላል። ሽማግሌዎቹም ይደሰቱ ነበር። ነገር ግን የሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ ሱቅ የለም፤ ልጆች ናቸው የሚያቋርጡት። ጋቢናው ውስጥ ያለችውም እሷ ናት።

«ሐጂ» አለ። «ከዚህ በኋላ መንዳት አይችሉም። መኪናዋ ዳር ትይዝና ፈቃድ ያለው ሾፌር እስኪመጣ እዚህ ትቆማለች። መንጃ ፈቃድዎን እይዛለሁ። ክስ እጽፋለሁ።»

ይህን ሲናገር ሐያትን ማየት አልቻለም። በቃ አጣኋት አለ በልቡ። የሰው አባት ከመንገድ ላይ አውርዶ ልጁን ስጠኝ የሚል ማን አለ? ያ ሁሉ ጊዜ በቆርቆሮ ጀርባ ያላበው ለዚህ ነበር። እስክሪብቶውን አወጣ። ስም፣ የታርጋ ቁጥር፣ ቦታና ጥፋት ሳይጎድል ጻፈ። ከታች ስሙን ጽፎ ፈረመ። ወረቀቱን በመስኮቱ ሰጣቸው።

ሐጂ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፣ አራቁ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዘረጉት። «አንብቢልኝ።»

ሐያት እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና አነበበች። የአሽከርካሪው ስም፣ ሙዐዊያ። የተሽከርካሪው ዓይነት፣ የጭነት። ቦታ፣ ጀውሃ መግቢያ። ጥፋት፣ የአገልግሎት ጊዜው ባለፈበት መንጃ ፈቃድ ማሽከርከር፣ ከመንገድ መውጣት። እዚህ ስትደርስ ቆመች።

«አለቀ?»

«አለቀ፣ አባ።»

«የከሳሹ ፖሊስ ስም የለበትም?»

ሐያት ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። በይፋት ወግ ልጃገረድ የጠየቃትን ሰው ስም ኒካህ ሳይታሰር አባቷ ፊት አትጠራም፤ ነውር ነው። አንገቷ ድረስ ቀላች።

«ስሙን ሳይነግረኝ ነው መንጃ ፈቃዴን የወሰደው። ማን እንደከሰሰኝ ማወቅ መብቴ አይደለም?»

«መብትዎ ነው፣ ሐጂ» አለ ፈይሰል። ሥራ ነክ ጥያቄ ሲጠየቅ ሳያስብ ነው የሚመልሰው።

«በይ እንግዲህ። መብቴን አንብቢልኝ።»

ሐያት ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ «ሳጅን ፈይሰል ሙሄ» አለች፤ በሹክሹክታ ጀምራ መጨረሻው ላይ ጠራ ብሎ ወጣላት። ሱቋ ደጃፍ ላይ ጠርሙስ የሚለቅሙት እትዬ ሐረገወይን ቀና ብለው አዩዋት። ፈይሰል ያን ስም ዕድሜውን ሙሉ ሲጠራበት ኖሯል፤ የራሱ መሆኑን የሰማው ግን ያን ቀን ነው።

ሐጂ ሙዐዊያ የልጃቸውን ድምፅ ያውቁታል። በዚያች ጋቢና ውስጥ ባጃጁንም ግመሉንም በዚያው ድምፅ ሲሰሙ ኖረዋል፤ ይህኛው ግን ሌላ ነበር።

«ለሼህ አደም ንገራቸው» አሉ በመጨረሻ። «ሰጥቻለሁ። ከእንግዲህ እሷን ይዤ የማቆይበት ምክንያት የለኝም፤ መንጃ ፈቃዴን ወስደኸዋል። አንድ ነገር ብቻ፤ ወደ ሐኪሙ ስሄድ አንተ ትወስደኛለህ። ብቻዬን ከሄድኩ ከደጁ እመለሳለሁ።»

«እሺ፣ ሐጂ» አለ ፈይሰል። እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

«በል እንግዲህ አውርደኝ።»

የጋቢናውን በር ከፈቱና ለመውረድ እጃቸውን ዘረጉ። የዘረጉት ፈይሰል ወዳለበት አልነበረም፤ ትንሽ ወደ ጎን፣ ባዶው ላይ ነበር። ፈይሰል አንድ እርምጃ ወደዚያ ሄደና እጁን በእጃቸው ውስጥ አስቀመጠ።